የኔታ የሌለው ተማሪ
ስለ ግብረ ገብ ትምህርት ታሪክ፥ ከጉባኤ ቤት እስከ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት

ልጅን ማስተማርና ልጅን ማሳደግ ዛሬ ሁለት ሥራ ሆነው ይታያሉ፤ ማስተማሩ ለትምህርት ቤት፥ ማሳደጉ ለአባትና ለእናት ተለይቶ ተሰጥቷል። በቀድሞ ዘመን ግን ሁለቱ አንድ ሥራ ነበሩ። ፊደል የሚያስቈጥረው መምህር ጠባይንም ያስቈጥር ነበር፤ ንባብ የሚያርመው አንደበት አካሄድንም ያርም ነበር። ይህ አንድነት እንዴት እንደ ተከፈለ፥ ከተከፈለም በኋላ በየዘመኑ ምን እንደ ተተካበት ተከታትሎ መመልከት፥ የወጣቱ ጠባይ ለሚያሳስበው ሰው ሁሉ ይጠቅማል፤ የታመመውን አካል ሳይለዩ መድኃኒት ማዘዝ አይቻልምና።

አረርቲ በሰሜን ሸዋ የምንጃርና ሸንኮራ ወረዳ ከተማ ናት። አገሩ በጤፉ የታወቀ ነው፤ ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበልም ፈውስ የሚሻ ምእመን ከሩቅ ሳይቀር ይመጣል። በአጠገቡ ያለው ቡልጋ የጻድቁ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የትውልድ አገር ነው። በከተማይቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ስለሚሰጥ ከየገጠሩ ብላቴኖች ይመጡባታል። ቤታቸው የራቀባቸው፥ እንደ ሌሎቹ የኢትዮጵያ የወረዳ ከተሞች ሁሉ፥ ሁለት ሦስት ሆነው ትንሽ ክፍል ይከራያሉ፤ በሰንበት ወደ ወላጆቻቸው ሄደው እንጀራውን፥ ሽሮውን፥ በሶውን ስንቅ ይዘው ይመለሳሉ። ዕድሜያቸው ገና ዐሥራ አራት ወይም ዐሥራ አምስት ነው። ጧት ተነሡ ብሎ የሚቀሰቅሳቸው፥ ማታም ከማን ጋራ ዋላችሁ ብሎ የሚጠይቃቸው ሰው የለም። አባት ልጄ በትምህርት ቤት ነው ብሎ ያርሳል፤ ትምህርት ቤቱም ደወሉ ከተደወለ በኋላ ልጁ በአባቱ እጅ ነው ብሎ በሩን ይዘጋል። ልጁ ግን በሁለቱም እጅ አይደለም።

ስንቁን ተሸክሞ ዕውቀት ፍለጋ ከአባቱ ቤት የወጣ ብላቴና በኢትዮጵያ ታሪክ የመጀመሪያው ይህ አይደለም። ከእርሱ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት የቆሎ ተማሪ ነበረ፤ ዛሬም አልጠፋም። ስለዚህ የሁለቱን ኑሮ አነጻጽሮ ማየት ተገቢ ነው።

የቀድሞው ልጅ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ፊደሉን ይቈጥራል፤ ፊደሉን ከለየ በኋላ ከመጀመሪያዎቹ የንባብ መጻሕፍት አንዱ የሐዋርያው የዮሐንስ መልእክት ነው። ይህ በከንቱ የተመረጠ አይመስልም፤ ያ መልእክት ከዳር እስከ ዳር ስለ ፍቅር የሚናገር ነውና፥ ሕፃኑ ፊደል ሲያገጣጥም ሳያውቀው የፍቅርን ቃል ያገጣጥም ነበር። ከዚያም ወንጌሉንና ዳዊቱን ይደግማል። ዳዊት ከደገመ በኋላ ዜማ ወይም ቅኔ የሚሻ እንደ ሆነ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ብዙ ጊዜም ወላጆቹን ሳያስፈቅድ ወደ ሩቅ አገር ይሄዳል።

በዚያ የሚጠብቀው ኑሮ ራሱ ትምህርት ነበረ። የባለጸጋ ልጅና የድኻ ልጅ አንድ ደበሎ ለብሰው፥ በአንድ ደጅ ቆመው በእንተ ስማ ለማርያም እያሉ ይለምናሉ። ከለመኑት ቍራሽ ታሞ የቀረው ጓደኛ ድርሻ ይነሣለታል። ጎጆውን ራሳቸው ይሠራሉ፤ ውኃውን ይቀዳሉ፤ እንጨቱን ይለቅማሉ፤ የመምህሩንም ሥራ ያግዛሉ። ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽለዋል፤ ስለዚህ ማንም ገና ተማሪ ሳለ መምህር ይሆናል፥ ለሌላ ሰውም ዕውቀት ተጠያቂ መሆንን ይለምዳል። የመንደሩም ሰው ተማሪውን እንደ እንግዳ አያየውም፤ ቍራሽ የሰጠችው ባልቴት ነውር ሲሠራ ያየችው እንደ ሆነ ልትቈጣው ሥልጣን አላት። መምህሩም ከተማሪዎቹ መንደር አይርቅም፤ የሚበላውን፥ የሚጸልየውን፥ የሚቈጣበትንና የሚታገሥበትን ሁሉ ያያሉ። የኔታ የሚለውም ስም የመምህርነት ብቻ ሳይሆን የአባትነት ስም ነው።

ከሁሉ ይልቅ በቅኔ ቤት ያለው ሥርዓት ለጠባይ ግንባታ የሚያስደንቅ ነው። ተማሪው ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ደረጃ በደረጃ ሲወጣ፥ ቀን ለብቻው በዛፍ ጥላ ተቀምጦ ያሰበውን በመምህሩ ፊት ይናገራል። መምህሩ በጓደኞቹ መካከል ያርመዋል፤ ቤት የጎደለበትን፥ ምሥጢር የሳተበትን ይነግረዋል። በሰው ፊት መታረምን ታግሦ ነገ ደግሞ የተሻለ ይዞ መምጣት የዚያ ቤት ዋና ጠባይ ነው። ደግሞም ቅኔ ሁልጊዜ አዲስ መሆን አለበት፤ ትናንት የተባለው ዛሬ አይደገምም። የሰውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚናገር ተማሪ በጉባኤው ፊት ይዋረዳል፤ ይህም ውርደት ከአርጩሜ ይልቅ ያማል። ስለዚህ ሐቀኝነት በዚያ ቤት ተለይቶ የሚሰጥ ትምህርት አልነበረም፤ ትምህርቱ ራሱ ያለ ሐቀኝነት አይቻልም ነበር።

ነገር ግን ያለፈውን ማመስገን እውነቱን ለመሸፈን መሆን የለበትም። የቀድሞው ተማሪ ቤት ነውር ነበረበት። በፊደል ቤት አርጩሜ ከቃል ይቀድም ነበር፤ እንዳይኰበልሉ በእግር ብረት የታሰሩ ሕፃናትም ነበሩ። በፍርሃት የተገራ ልጅ ፍርሃቱ ሲለቀው ጠባዩም እንደሚለቀው ብዙ ጊዜ ታይቷል። ከወንዶቹም ለትምህርት የሚደርሰው ጥቂት ነበረ፤ ለሴቶች ልጆች ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ደጁ የተዘጋ ነበር። ለዘመኑ የሚያስፈልገው ሒሳብና የተፈጥሮ ዕውቀት፥ የውጭም አገር ቋንቋ በዚያ አይገኝም። ስለዚህ አዲስ ትምህርት ቤት መከፈቱ የተገባ ነበረ እንጂ በደል አልነበረም።

አዲሱ ትምህርት ቤት ሲመጣ ከቤተ ክርስቲያን ጋራ ጠብ እንዳይፈጠር በብርቱ ታስቦበት ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ባቋቋሙ ጊዜ ለሃይማኖት ስጋት እንዳይሆን በማለት መምህራኑ ከግብፅ ከቅብጦች ወገን መጡ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1924 ዓ.ም. ደግሞ የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ተከፍቶ ለዘመናት የተዘጋው ደጅ ለሴቶች ልጆች መከፈት ጀመረ። በዚያው ዘመን በመርሐ ቤቴ የተወለዱት፥ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የወጡት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1910 ዓ.ም. ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ የተባለውን መጽሐፍ አሳትመው ነበር። የመጽሐፉ ስም ብቻ ታላቅ ነገር ያስረዳል፤ የልጅ ምክርና የአባት መታሰቢያ አንድ መሆኑን፥ ማለት ሰው ከሞት በኋላ የሚታሰበው ባሳደገው ልጅ ጠባይ መሆኑን ያመለክታል።

ከዚህ በኋላ የጠላት ወረራ መጣ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ከደረሰው ነገር በኋላ በአዲሱ ትምህርት ቤት የተማሩት ወጣቶች እየተፈለጉ ተገደሉ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት ተጨፈጨፉ። ጠላት በአንድ ዓመት ውስጥ አዲሱንም የቀድሞውንም የትምህርት ምንጭ ለማድረቅ ተነሣ። ብላቴን ጌታ ኅሩይም በ1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በስደት ሳሉ ዐረፉ። ነጻነት በ1933 ዓ.ም. ሲመለስ አገሪቱ መምህር ያጣች ነበረች፤ ስለዚህ ከጉባኤ ቤት የወጡ ሊቃውንት ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ገብተው አማርኛና ግብረ ገብ እንዲያስተምሩ ሆነ። የአቶ ከበደ ሚካኤል ታሪክና ምሳሌም የብላቴኖች ንባብ ሆኖ፥ በተረት መልክ ጠባይን ያስተምር ጀመር።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በዚህ ጊዜ ተጀመረ። በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፥ በ1938 ዓ.ም. የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተከፈቱ። በዚህ ቦታ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። እነዚህ ሁለቱ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ተማሪው በዚያ ይበላል፥ በዚያ ያድራል፥ በዚያ ይጫወታል፤ የሚጠብቁት መምህራን አብረውት አሉ። ቋንቋው እንግሊዝኛ፥ ልብሱም የፈረንጅ ቢሆን፥ አኗኗሩ በአንድ ነገር የጉባኤ ቤትን ይመስል ነበር፤ ይኸውም ትምህርትና ኑሮ በአንድ ጣራ ሥር መሆናቸው ነው። በሰዓቱ መነሣት፥ አልጋን ማንጠፍ፥ ተራን መጠበቅ፥ ከሌላ አገር ልጅ ጋራ ተስማምቶ ማደር በሰሌዳ ሳይጻፍ ይማሩት ነበር።

ከዚያ በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየጠቅላይ ግዛቱና በየአውራጃው፥ በኋላም በየወረዳው ተስፋፉ። ይህ ታላቅ በጎ ሥራ ነው፤ የገበሬው ልጅ በዚህ ምክንያት ተምሯልና። ነገር ግን የተስፋፋው መማሪያ ክፍሉ እንጂ ማደሪያው አልነበረም። ለሁሉ አዳሪ ቤት ለመሥራት ገንዘቡ አይበቃም፤ ስለዚህ መጽሐፉ ወደ ወረዳ ሲወርድ መኝታው፥ ገበታውና ጠባቂው በዋና ከተማ ቀሩ። የጠባይ ትምህርት ከዚያ ወዲህ የኑሮ ሥርዓት መሆኑ ቀርቶ በሳምንት ተቈጥሮ የሚሰጥ ክፍለ ጊዜ ሆነ። ተማሪ ቤቱ ከአባትነት ወደ አስተማሪነት የተለየው በዚህ መካከል ነው።

ይህም ክፍለ ጊዜ በየመንግሥቱ ስሙን ይለውጥ ጀመር። በ1966 ዓ.ም. አብዮት ከፈነዳ በኋላ ግብረ ገብ የአሮጌው ሥርዓት ነው ተብሎ ቀረ፤ በፋንታውም የፖለቲካ ትምህርት ገባ። በ1967 ዓ.ም. የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጡ፤ ብዙዎቹም መሠረተ ትምህርት በማስተማር የገበሬውን ኑሮ በዐይናቸው አዩ። ከዚያ የቀይ ሽብር ዘመን መጥቶ ከዚያው ትውልድ ብዙውን በላ። ታላላቆቹ እርስ በርሳቸው ሲገዳደሉ የሚያይ ብላቴና ከማን ጠባይ ይማራል? በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ደግሞ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት የተባለው ተተካ። ይህ ትምህርት 11 እሴቶችን ይዞ ነበር፤ እነርሱም የዴሞክራሲያዊ ሥርዓት ግንባታ፥ የሕግ የበላይነት፥ እኩልነት፥ ፍትሕ፥ አገር ወዳድነት፥ ኃላፊነት፥ ታታሪነት፥ ራስን መቻል፥ ቍጠባ፥ የማኅበረሰብ ተሳትፎና ዕውቀትን መሻት ናቸው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለ ተማሪ እነዚህኑ 11 ምዕራፎች በየዓመቱ ከፍ እያደረገ ያነብ ነበር። ከእነዚህ መካከል የሚነቀፍ አንድ ስንኳ የለም፤ ሁሉም በጎ ናቸው።

ችግሩ ግን በሌላ በኩል ታየ። ይህ የሥነ ምግባር ትምህርት በብሔራዊ ፈተና ከሚፈተኑት አንዱ ነበር፤ ስለዚህ ሐቀኝነት ምን እንደ ሆነ ለሚጠይቅ ጥያቄ ከጓደኛ ወረቀት ኮርጆ ትክክለኛውን መልስ መስጠት ተቻለ። በጉባኤ ቤት የማይቻለው ነገር በዚህ ተቻለ ማለት ነው። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ በማኅበራዊ መገናኛ ስለ ተበተነ ፈተናው ተሰርዞ እንደገና ሊሰጥ ግድ ሆነ። ወረቀቱን ያወጡት ብላቴኖቹ እንዳልነበሩ ማስተዋል ይገባል፤ ፈተና በታላላቆች እጅ የሚጠበቅ ነውና። ከዚያ በኋላ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ስርቆትን ለመከልከል ተማሪዎቹ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተወስደው በዚያ በጥበቃ እንዲፈተኑ ተደረገ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ ይህም ከመቶ 3.3 ነው።

ይህን ቍጥር ይዞ ብላቴኖቹን መስደብ ቀላል ነው፤ ፍርዱ ግን ቅን አይሆንም። በዚያ ዘመን ወረርሽኝ ነበረ፤ ጦርነት ነበረ፤ ሰሜን ሸዋ ራሱ በ2014 ዓ.ም. የጦርነት ሜዳ ሆኖ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። የመጻሕፍትና የመምህራን እጦትም አለ። እንዲህም ሆኖ ቍጥሩ አንድ የሚሰወር ነገር ገለጠ፤ ጠባቂ ሲቆም ብቻ የሚጸና ሐቀኝነት ጠባቂው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ጠባይ ማለት ግን ሰው ብቻውን በሆነ ጊዜ የሚሠራው ሥራ ነው፤ የተከራየው ክፍልም ብቻ የሚኮንበት ስፍራ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሥራ ላይ በዋለው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ በስሙ ተመልሷል። ይህ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን የተመለሰው ለመጀመሪያ ደረጃ፥ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ላሉት ነው፤ ከዚያ በላይ ላሉት የዜግነት ትምህርት ይሰጣል። ስለዚህ ልጁ በእናቱ ጓዳ ሳለ ግብረ ገብን ይማራል፤ ከእናቱ ጓዳ ወጥቶ ብቻውን በሚያድርበት ዕድሜ ግን ትምህርቱ ስለ አገርና ስለ ሕግ ይሆናል። በብርቱ በሚያስፈልግበት ጊዜ ምክሩ ያንሰዋል።

ሊቁ ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ስለ ልጆች አስተዳደግ በጻፈው ድርሳን የልጅን ነፍስ በከተማ መስሎ፥ የስሜት ሕዋሳቱን የከተማይቱ በሮች ያደርጋቸዋል፤ አባትም ለዚያች ከተማ ሕግ እንዲያወጣና በሮቿን እንዲያስጠብቅ ይመክራል። የዛሬውን ብላቴና ሁኔታ ለሚመለከት ይህ ምሳሌ ሩቅ አይደለም። በእጁ የያዘው ስልክ የዐይንንና የጆሮን በር ሌሊትና ቀን ከፍቶ ይዟል፤ በጎውም ክፉውም በአንድ ደጅ ይገባል። በሩን መዝጋት ለማንም አይቻልም፤ የሚቻለው በር ጠባቂ ማቆም ነው። በር ጠባቂውም በመጨረሻ የልጁ የራሱ ኅሊና ነው፤ ኅሊና ግን ከሰው ወደ ሰው እንደ መብራት የሚቀጣጠል እንጂ ከመጽሐፍ ብቻ የሚቀዳ አይደለም።

እንግዲህ ታሪኩ የሚያስረዳው ይህ ነው። የቆሎ ተማሪውን ያነጸው ረኃቡ ወይም አርጩሜው አይደለም፤ የኮተቤንም ተማሪ ያነጸው የሕንፃው ማማር አይደለም። ሁለቱንም ያነጻቸው አብሮ የሚኖር ታላቅ ሰው፥ የሚካፈሉት ሥራና ልጄ ነህ የሚል ሕዝብ ነው። ስሙ ግብረ ገብ ይባል፥ ሥነ ምግባርም ይባል፥ ዜግነትም ይባል፥ እነዚህ ሦስቱ ከሌሉ ትምህርቱ በወረቀት ይቀራል። እነዚህ ሦስቱ ካሉ ግን የስሙ መለዋወጥ ብዙ አይጎዳም።

ይህንንም ለማድረግ የመንግሥት በጀት እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። እንደ አረርቲ ባለች ከተማ ስንቅ ይዘው የሚያድሩት ብላቴኖች የት የት እንዳሉ አከራዮቻቸው ያውቃሉ። የክፍሉ ኃላፊ መምህር በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ተማሪው ወደሚያድርበት ክፍል ብቅ ቢል፥ ልጁ የሚያስበኝ አለ ብሎ ይቀመጣል። የንስሐ አባት ለገበሬው ቤት ብቻ ሳይሆን ከገበሬው ቤት ወጥቶ ለሚኖረው ልጅም አባት ነው፤ መስቀሉን ይዞ ወደ ተከራየው ጎጆ ቢገባ ሥራው ነው። ዕድርተኛውም በሞት ጊዜ የሚሰበሰብ ሕዝብ እንደ ሆነ፥ በሕይወት ላለው ልጅ መሰብሰብ አይከብደውም። በተለይም ብቻቸውን የሚያድሩት ሴቶች ልጆች፥ ጥቃት ከደረሰ በኋላ ከሚለቀስላቸው፥ አስቀድሞ አንዲት እናት በአጠገቧ ብታሳድራቸው ይሻላል። የ12ኛው ክፍል ተማሪ የ9ኛውን እንዲያስጠና ቢደረግ፥ የማስቀጸሉ ሥርዓት ያለ ደበሎና ያለ አርጩሜ ይመለሳል። በጎ የሠራው ልጅ በሰው ፊት ይመስገን፤ ያጠፋውም ለብቻው ይመከር፤ መመረቅ ከመርገም ይልቅ ሥር ይሰዳልና።

የምንጃር ገበሬ ጤፉን ዘርቶ ቤቱ አይቀመጥም። አስቀድሞ መሬቱን ደጋግሞ ያርሰዋል፤ ከዘራ በኋላም ጎንበስ ብሎ አረሙን በእጁ ይነቅላል፤ ጤፉ ከአረም ጋራ ሲበቅል የሚመሳሰል ስለ ሆነ ካልቀረቡት አይለይም። ልጅም እንዲሁ ነው። ከሩቅ ሆኖ የሚጮኽ አረሙንና ጤፉን አንድ አድርጎ ይረግማል፤ ጎንበስ ያለ ግን ለይቶ ያርማል። ለአዝመራው ይህን ያህል የሚጎነበስ አገር ለልጁም መጎንበስ አይሳነውም።